የመኪናችን በር ከውስጥ ይከፈታል?

(ባለፈው ዓርብ በማህበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ሥራ ይዟችሁ መምጣት ላልቻላችሁ በጽሑፍ አቅርበነዋል።)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ መኪና በር ነው። ስለ ሞተር አይደለም፣ ስለ ፍሬንም አይደለም። ከውስጥ በኩል ስላለው እጀታ፣ ስለ ክንድ ማሳረፊያው፣ ስለ መስታወት ማውረጃው፣ ሲነኩት ስለሚንገጫገጨው የበር ሽፋን ነው። «ለዚህ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልጋል እንዴ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት መኪና ያረጀ ነው። ሦስት አራት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን የገዛነው ኮሮላ ወይም ሰኒ ነው። ከሥራ ሥራ ያደርሰናል፣ የታመመ ሰው ሆስፒታል ይወስድልናል፣ ወደ ሀገር የሚገባ ወንድም ኤርፖርት ይሸኝልናል። ሞተሩ እንዳይቆም እንጠነቀቃለን፣ ዘይት በሰዓቱ እንቀይራለን። የኋላው በር እጀታ ሲላላ ግን «እሱ ከውጭ ይከፈታል» ብለን እናልፈዋለን። ሰው በወረደ ቁጥር ሹፌሩ ዞሮ ይከፍትለታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ይሞላል።

እስቲ አስቡት። ያ መኪና ቢጋጭ፣ ወይም ጭስ ቢነሳበት፣ ሹፌሩ ራሱን ቢስት፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው በምን ይወጣል? በዚህ አገር ሙቀት ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። የበር እጀታ ማለት መውጫ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ የሚቀመጡት ደግሞ እህቶቻችንና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ከውስጥ የማይከፈት በር አጠገብ፣ በሩ እስኪሠራ ድረስ፣ ሰው አታስቀምጡ።

ለምንድን ነው የሚላላው?

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብሎኑ ብረት ነው፣ የሚገባበት ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩን ለዓመታት ፀሐይ ሲያደርቀው ይሰነጠቃል። በሩ በተዘጋ ቁጥር ይመታል። መጀመሪያ ብሎኑ ሩብ ዙር ይላላል፤ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ካቻቢቴና አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ዝም ሲባል ብሎኑ ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። ከዚያ ሸክሙ በሙሉ በአንድ ጎን ላይ ያርፍና እጀታው ከሥሩ ይሰበራል። አሁን መለዋወጫ ፍለጋ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት እኛው ነን። በር ላይ ሁለት የተለያዩ እጀታዎች አሉ። አንዱ መክፈቻ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ዘንግ ወይም ገመድ ለመሳብ ብቻ የተሠራ ነው። ሌላው መጎተቻ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከክንድ ማሳረፊያው ጋር አንድ ላይ ነው፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው። በር የሚዘጋው በመጎተቻው ነው። ብዙ ሰው ግን ወደ ውስጥ ሲገባ መክፈቻውን ይዞ በሩን ይስባል፤ አንዳንዱ ደግሞ የመስታወት ማውረጃውን ይዞ ይስባል። ሀገር ቤት ዲኤክስ የነዳ ሰው የመስታወት ማውረጃ እጀታ እንዴት በእጅ ላይ እንደሚቀር ያውቀዋል። መኪናችሁ ውስጥ ለሚገባ ሰው ሁሉ፣ ሳታፍሩ፣ «በዚህኛው ያዝ ወንድሜ፣ በዚህኛው ያዢ እህቴ» በሉት።

መጀመሪያ ምርመራ

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት በእጃችሁ መርምሩ። አራቱንም በሮች አንድ በአንድ ሞክሩ።

እጀታውን ስትነኩት ከነመቀመጫው የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ነገር ግን ስትስቡት በሩ የሚከፈት ከሆነ፣ ችግሩ ብሎን ነው። ይህ ቀላሉ ነው።

እጀታውን ስትስቡት ምንም ዓይነት ክብደት ከሌለው፣ እንደ ሞተ እጅ ከሆነ፣ ከኋላው ያለው ዘንግ ወይም ገመድ ወልቋል፣ አለዚያም ተበጥሷል። ሽፋኑ መከፈት አለበት።

ስትስቡት ክብደት ካለው፣ ስትለቁት ግን ወደ ቦታው የማይመለስ ከሆነ፣ ሞላው ወጥቷል ወይም አቧራ ይዞታል።

የኋላው በር ከውጭ በደንብ እየተከፈተ ከውስጥ ብቻ እምቢ ካለ፣ ምንም ነገር ሳትፈቱ የልጆች መቆለፊያውን እዩ። በሩን ክፈቱትና ጠርዙን ተመልከቱ። ከሴራቱራው አጠገብ አንዲት ትንሽ ማንሻ አለች። እሷ ወደ መቆለፊያው ጎን ከዞረች በሩ ከውስጥ አይከፈትም፤ ሕፃናት እንዳይወድቁ የተሠራች ናት። በጣት ወይም በቁልፍ ጫፍ ትመለሳለች። ለዚህች ማንሻ ጋራዥ ሄዶ ገንዘብ የከፈለ ሰው አውቃለሁ።

ምን ያስፈልጋል?

መስቀለኛ ካቻቢቴ፣ ትልቅና መካከለኛ። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ። ፒንሳ። አሮጌ ጨርቅ። ጓንት፣ ምክንያቱም የበሩ የውስጥ ላሜራ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ብሎኖቹን የምታስቀምጡበት አንድ ሳህን። በሚቻል ከሆነ ሽፋን ለማላቀቅ የሚያገለግል የፕላስቲክ ማንሻ፤ ከሌለ የጠፍጣፋውን ካቻቢቴ ጫፍ በጨርቅ ወይም በፕላስተር ጠቅልሉት። ሥራውን ማለዳ ወይም ከመግሪብ በኋላ፣ ጥላ ውስጥ ሥሩት። ቀትር ላይ ብረቱ እጃችሁን ያቃጥላል፣ ሰውም ይቸኩላል። የተቸኮለ እጅ ፕላስቲክ ይሰብራል።

አሠራሩ

ስልካችሁን አውጡና ከመጀመራችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ነገር ስትፈቱም አንሱ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ከማስታወስ የተሻለ ነው።

መስታወቱን እስከ ላይ ዝጉት። በበሩ ላይ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ካለ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱት፤ በቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል።

የላላው ነገር እጀታው ብቻ ከሆነ ሽፋኑን መክፈት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩት ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ላይ የመክፈቻው መቀመጫ በአንድ መስቀለኛ ብሎን ነው የተያዘው። እጀታውን ስትስቡት ከኋላው ትታያለች፣ ወይም ደግሞ በትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ተሸፍናለች። ክዳኗን በጠፍጣፋው ካቻቢቴ በቀስታ አንሷት። የክንድ ማሳረፊያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥር በኩል በሁለት ብሎን ይያዛል። አጎንብሳችሁ ከሥር እዩ።

ስታጠብቁ ኃይል አትጠቀሙ። ብሎኑ መያዝ ሲጀምር ሩብ ዙር ያህል ጨምሩና አቁሙ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ የፕላስቲኩን ጥርስ ትበላላችሁ፣ ያኔ የላላ የነበረው የማይጠብቅ ይሆናል።

ብሎኑ ዝም ብሎ ከዞረ ቀዳዳው አልቋል ማለት ነው። ሦስት መፍትሔ አለ። አንደኛ፣ ርዝመቱ እኩል የሆነ፣ ውፍረቱ ግን ጥቂት የሚበልጥ ብሎን አስገቡ። ርዝመቱን አደራ፤ ረጅም ብሎን ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ወይም የመስታወቱን ማንሻ ይነካል። ሁለተኛ፣ ብሎኑ የሚገባው በላሜራ ወይም በፕላስቲክ ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ ጠርዙ ላይ የምትሰካ እንደ መቆንጠጫ የታጠፈች ቀጭን የብረት ዳዶ አለች። መለዋወጫ ቤት በትንሽ ገንዘብ ትገኛለች። ሦስተኛ፣ ብረት ከብረት ጋር የሚያያዝ ከሆነ ጥርስ ያላት ሮንዴላ ግቡበት፣ ወይም ብሎን እንዳይፈታ የሚይዘውን ፈሳሽ አንድ ጠብታ ጨምሩ። ይህን ፈሳሽ ፕላስቲክ ላይ ግን አታድርጉ፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሰነጥቀዋል።

እጀታው ራሱ ከተሰበረስ? በማጣበቂያ ለመጠገን አትድከሙ። ጌጥ የሆነ ነገር በማጣበቂያ ይያዛል፤ ሰው በእጁ የሚስበው ነገር ግን አይያዝም። አንድ ቀን ደህና ይመስላል፣ በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት እጃችሁ ላይ ይቀራል። ቀይሩት።

ሽፋኑን መክፈት ካስፈለገ

የመስታወት ማውረጃው በእጅ የሚዞር ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይወጣል። በብዙ መኪኖች ላይ ከኋላው እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈች ቀጭን ክሊፕ ይዛዋለች። ለእሷ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጨርቁን በእጀታውና በሽፋኑ መካከል አስገቡትና ጫማ እንደሚጠርግ ሊስትሮ ግራና ቀኝ ሳቡት። ጨርቁ የክሊፕዋን ጫፍ ይይዝና ያስወጣታል። በሌላ እጃችሁ ሸፍኗት፤ ተስፈንጥራ ከጠፋች ሰዓት ትፈጃለች። አንዳንድ መኪና ላይ ግን ማውረጃው በመሃሉ በብሎን ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ ሳትታገሉ መጀመሪያ መሃሉን እዩ።

ከዚያ የምታዩትን ብሎን ሁሉ ፍቱ። ሽፋኑን ከታች ጥግ ጀምራችሁ ወደ እናንተ ሳቡት። ዳር ዳሩን የያዙት የፕላስቲክ ክሊፖች አንድ በአንድ ጧ እያሉ ይለቃሉ። ማንሻችሁን ሁልጊዜ ክሊፑ አጠገብ አስገቡት፤ ከክሊፑ ከራቃችሁ ሽፋኑ ራሱ ይሰበራል። አሮጌ ክሊፖች አንዳንዶቹ መሰበራቸው አይቀርም፤ አስቀድማችሁ ጥቂት መለወጫ ግዙ። አብዛኛው የበር መንገጫገጭ የሚመጣው ከእነዚህ ክሊፖች ነው። ሁሉም ከለቀቁ በኋላ ሽፋኑን በብዙ መኪና ላይ ወደ ላይ አንስታችሁ ታወጡታላችሁ። ገመድ ካለው አትጎትቱት፤ ሶኬቱን ፍቱ።

ከውስጥ ስስ የላስቲክ መጋረጃ ታገኛላችሁ። ቀዳችሁ አትጣሉት። «እዚህ አገር ዝናብ የለም» የሚል ሰው አለ፤ መኪና ግን ይታጠባል፣ አቧራም አለ። በበሩ ውስጥ የሚወርደው ውኃ ሽፋኑን እንዳያበሰብስ የሚከለክለው እሱ ነው። በቀስታ አላቁትና መልሳችሁ ለጥፉት።

አሁን ከእጀታው ወደ ሴራቱራው የሚሄደውን ዘንግ ወይም ገመድ ታያላችሁ። ዘንጉ ብዙ ጊዜ በትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ነው የታሰረው። መያዣው ይዞራል፤ ሳታዞሩ ብትጎትቱት ይሰበራል። የወለቀውን መልሱ፣ የተሰበረውን መያዣ ቀይሩ። በሽቦ አስሮ መተው ለአንድ ቀን መንገድ ይሆናል፣ ለዘለቄታው አይሆንም። መዞሪያው ላይ ጥቂት ግራሶ ቀቡ፤ ብዙ ከሆነ አቧራ ይሰበስባል።

በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት

ይህን ክፍል በደንብ ያዙልኝ። ሥራው አልቋል ብላችሁ በሩን ዘግታችሁ እምቢ ካለ፣ የተዘጋ በር ሽፋን መፍታት ከባድ መከራ ነው። ስለዚህ በሩ ክፍት እንዳለ ሞክሩት። በበሩ ጠርዝ ላይ ያለውን የሴራቱራ ምላስ በካቻቢቴ ወደ ውስጥ ግፉት። ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ በሩ የተዘጋ መስሎታል። አሁን የውስጡን እጀታ ሳቡ። ምላሱ ተስፈንጥሮ መመለስ አለበት። እንደገና ግፉትና በውጭው እጀታ ሞክሩ። ሁለቱም ከሠሩ መስታወቱን አውርዳችሁ በሩን ዝጉ፣ ከውስጥም ከውጭም ሦስት አራት ጊዜ ሞክሩ። ከሁለቱ አንዱ ካልሠራ በሩን አትዝጉ፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ዘንጉን እዩ።

የማትነኩት ነገር

ሽፋኑን ስትከፍቱ ቢጫ ሽፋን ወይም ቢጫ ሶኬት ያለው ገመድ ካያችሁ አቁሙ። ቢጫው ብዙ ጊዜ የኤርባግ ነው። የበሩ ሴራቱራ ራሱ ከተበላሸ፣ በሩ ከግጭት በኋላ ተጣሞ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ መስታወት ማንሻ ከተበላሸ፣ ለባለሙያ ስጡት። ሰናኢያ ስትሄዱም ሳይፈታ ዋጋውን ጠይቁ፤ ከተፈታ በኋላ ዋጋ መከራከር ከባድ ነው።

መለዋወጫ ስትፈልጉ አዲስ ብቻ አትጠይቁ። ሳዑዲ ውስጥ ያላችሁ ተሽሊህ፣ ኤምሬትስ ያላችሁ የሻርጃ ኢንዱስትሪ ሰፈር ብትሄዱ ያገለገለ እጀታ ታገኛላችሁ። ስትጠይቁ «ማስከት ባብ ዳኺሊያ» በሉ፣ የውስጥ የበር እጀታ ማለት ነው። ቀኝ ከሆነ «የሚን»፣ ግራ ከሆነ «የሳር»፣ የፊት ከሆነ «ቁዳም»፣ የኋላ ከሆነ «ወራ»። ያገለገለ «ሙስተዕመል»፣ አዲስ «ጀዲድ»። የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ንገሩ፣ አሮጌውን እጀታ ይዛችሁ ሂዱ። ቀኝና ግራ አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ አይገጥሙም።

መኪናው የአሠሪ ከሆነ

ይህ የቤት ሹፌር ለሆናችሁ ነው። እጀታው መላላት በጀመረበት ቀን ንገሩ። በቃል ብቻ ሳይሆን በዋትሳፕ ንገሩ፤ ፎቶ አንስታችሁ፣ ወይም አጭር ቪዲዮ ቀድታችሁ። «ማስከት አል ባብ መርኽያ፣ ላዚም ተስሊህ» ብትሉ ይበቃል፤ የበሩ እጀታ ላልቷል፣ መሠራት አለበት ማለት ነው። አንድ ወንድማችን ለሳምንታት የላላ እጀታ በቃል ሲናገር ከርሞ፣ እጀታው በተሰበረ ቀን «አንተ ነህ የሰበርከው» ተብሎ ከደመወዙ ተቆርጦበታል። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ማስረጃ ግን በእጁ አልነበረም። ቀንና ሰዓት ያለው መልእክት ይመሰክርላችኋል። ሳይፈቀድላችሁ ደግሞ የሰው መኪና በር አትፍቱ፤ ብታሳምሩትም ጥፋት ሊባል ይችላል።

ለሌላ ሰው በክፍያ ጥገና መሥራትም ኢቃማችሁ የማይፈቅደው ሥራ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን ሥሩ፣ ወንድማችሁን በነፃ እርዱ፣ ከዚያ በላይ ግን አስቡበት።

በር ቢዘጋባችሁ

ይህ ከኋላ ለምትቀመጡ፣ በተለይ በአሠሪ መኪና ለምትሄዱ እህቶቼ ነው። በሩ ከውስጥ አልከፈት ካለ አትደንግጡ። መጀመሪያ የመቆለፊያውን ቁልፍ አንሱና እንደገና ሳቡ። በብዙ መኪና ላይ ሁለት ጊዜ መሳብ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቁልፉን ይከፍታል፣ ሁለተኛው በሩን። ካልሆነ መስታወቱን አውርዱና እጃችሁን አውጥታችሁ በውጭው እጀታ ክፈቱ። መስታወቱም ካልወረደ በሌላኛው በር ሞክሩ፣ እሱም ካልሆነ በመቀመጫዎቹ መካከል ወደ ፊት እለፉ። የልጆች መቆለፊያ ያለው በኋላ በሮች ላይ ነው፣ የፊት በር የለውም። ማንም አጠገባችሁ ከሌለ ጥሩምባውን ንፉ፤ በብዙ መኪና ሞተሩ ቢጠፋም ይሠራል።

እንግዲህ በጋራ መኪና ላላችሁ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ ጎማ ስትለኩ፣ ዘይት ስታዩ፣ አራቱን በሮችም ከውስጥ ተቀምጣችሁ ክፈቷቸው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለነዳጅ ከምታዋጡት ላይ ጥቂት ለብሎንና ለክሊፕ አስቀምጡ። ከውስጥ የማይከፈት በር ካገኛችሁ ፕላስተር ቆርጣችሁ «አይከፈትም» ብላችሁ ለጥፉበት፣ እስኪሠራም እዚያ ቦታ ሰው አይቀመጥ።

ካቻቢቴ የሌለው ሰው ከእኔ መዋስ ይችላል። የማህበሩ የመሣሪያ ሳጥን በሚቀጥለው ዓርብ ከሰላት በኋላ ከፓርኪንጉ ጥላ ሥር ይሆናል። በሩ የላላበት መኪናውን ይዞ ይምጣ፣ ያልላላበትም ለማየት ይምጣ። አብረን እንፈታለን፣ አብረን እንገጥማለን። ጓንትና አሮጌ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ።